በዩኒቨርሲቲው እስር ቤት ግድግዳ ላይ

ትናንት፣ ሰው ሁሉ ምሳውን በልቶ በሚያዛጋበት በስምንት ሰዓት፣ ሕልም አየሁ። ሕልም የሌሊት ነው የሚለኝ ካለ፣ እኔ ሌሊቱን ሥራ ላይ ነው የማድረው፤ ለሕልም የተረፈችኝ ሰዓት እሷ ናት።

ከኮሌጁ በር ፊት ለፊት ባለችው የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ተቀምጬ የጋሼ ልዑልሰገድን የማስተርስ ጥናት እየተየብኩ ነበር። ርእሱ የአንድ ጥንታዊ የጀርመን ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ነው። እኔ ትርሲት ጓንጉል ከአሥረኛ ክፍል ነው የወጣሁት፤ ግን በስምንት ዓመት ውስጥ የመቶ ሰው መመረቂያ ጽሑፍ ተይቤአለሁ፤ ከባለቤቶቹ በተለየ ደግሞ አንብቤዋለሁ። ጋሼ ልዑልሰገድ አራት ምዕራፍ አመጡና አምስተኛው ላይ «እዚህ ጋ አንቺ ታውቂበታለሽ» ብለው በእርሳስ ጽፈው ሄዱ። ጻፍኩት። ካገኘሁት መጽሐፍ ሁሉ ለቃቅሜ ጻፍኩት፤ ከአራቱም ይሻላል። በምላሹ አንድ ነገር ብቻ ለመንኳቸው፦ የምስጋናው ገጽ ላይ ስሜ ይግባልኝ።

«እናያለን» አሉ። «አንቺ ብቻ ገጹን አብዢልኝ፤ አማካሪዬ ከመቶ ካነሰ አልቀበልም ብለዋል።»

ትናንት የምስጋናው ገጽ መጣ። እግዚአብሔር አለ። አማካሪያቸው አሉ። ባለቤታቸው አሉ። መኪናቸውን የሚጠብቀው ዘበኛ እንኳ አለ። እኔ የለሁም። ተናደድኩና አምስተኛውን ምዕራፍ ልሰርዘው ወደ መጨረሻው ወረድኩ፤ እጄ እምቢ አለኝ። ጉንጬን የኮምፒውተሩ ቁልፎች ላይ አሳረፍኩ። ለአፍታ ብዬ።

ዩኒቨርሲቲው ሰልፍ ላይ ቆሟል። ስድስት መቶ ዓመት ያለፈው የድንጋይ ሕንፃ ጣሪያውን እንደ ባርኔጣ አውልቆ፣ ደረቱ ላይ ይዞ፣ እንደ ማንኛውም ባለጉዳይ ከሰልፉ ጭራ ላይ ተራውን ይጠብቃል። ከፊቱ ፕሮፌሰሮቹ ካባቸውን እየጎተቱ ይገፋፋሉ።

«ምን ልትሆኑ ነው?» አልኳቸው።

«ልንመዘገብ።»

«ማን ጋ?»

«እርስዎ ጋ ነዋ፣ እመቤቴ! ቶሎ በሉልን፤ ዘጠኝ ሰዓት ሊሞላ ነው።»

በዚያ አገር ትልቁ ሰው አንተ፣ ትንሹ እርስዎ ነበር የሚባለው። ደወሉ ዘጠኝ ጊዜ ደወለ፤ ከዚያ የሳተ መስሎት እንደገና ከአንድ ጀመረ። ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ይሮጣል። እኔም ሮጥኩ። በሩ ላይ የዩኒቨርሲቲው መሥራች ሐውልት ዘበኛ ሆኖ የሰው ኪስ ይፈትሻል።

«መታወቂያ?» አለኝ።

«የለኝም።»

«ጎሽ፣ ይግቡ። ያለው አይገባም።»

ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ መጻሕፍቱ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሰው ያነባሉ። አንድ ወፍራም መዝገበ ቃላት አንዱን ዲን ጭኑ ላይ ዘርግቶ፣ ጣቱን እያራሰ ይገልጠዋል። «ይሄም ሽፋኑ ብቻ ነው» አለና አጥፎ ወደ መደርደሪያው መለሰው። ዲኑ ግን ቅር አላለውም፤ በመነበቡ ደስ ብሎት ነበር።

ከዚያ አዳራሽ ውስጥ ነኝ፤ በእጄ መጋዝ አለ። አምስተኛው ምዕራፍ ላይ ጽፌዋለሁ፦ ድሮ አዲስ ተማሪ ሲገባ ቀንድ ያለው ቆብ ይደፉበትና «ከአውሬነት ወጥተህ ሰው ሁን» እያሉ ቀንዱን በመጋዝ ይቆርጡት ነበር። እዚህ ግን ባለቀንዶቹ ፕሮፌሰሮቹ ናቸው። በያንዳንዱ ዲግሪ አንድ ቀንድ። የመጀመሪያው አራት ነበረው፤ አንገቱን መሸከም አቅቶታል።

«እመቤቴ፣ ይቁረጡልኝ» አለ። «በር አላሳልፍ ብሎኛል።»

«ቀንዱን ማን ሰጠህ?»

«መምህሬ፤ ያው ከኋላዬ ያለው።»

የኋለኛውን ጠየቅኩ። እሱም ወደ ኋላው ጠቆመ። እኔ ጠያቂዋ እየሮጥኩ፣ ተጠያቂዎቹ ወደ ኋላ እየጠቆሙ፣ ስድስት መቶ ዓመት ሙሉ ወረድንና ሰልፉ አለቀ። ጣሪያውን ይዞ የቆመው ዩኒቨርሲቲ ብቻ ቀረ።

«አንተንስ?» አልኩት። «አንተን ማን አስተማረህ?»

መስኮቶቹን እንደ ዓይን ሰበር አደረገ። «ማንም።»

«እንዴት ማንም?»

«ከብራና ላይ እያነበብኩ... ያልገባኝን ከሰው እየጠየቅኩ...»

«የምስክር ወረቀትህስ?»

«ራሴ ነኝ የጻፍኩት።»

ሳቄ መጣ። ከአሥረኛ ክፍል እንኳ አልደረሰም! «አይዞህ» አልኩት፣ ግድግዳውን መታ መታ አድርጌ፤ «ጣሪያህን ልበስ፣ ብርድ ይመታሃል።»

ይህን ባልኩ ጊዜ «ታሰረች! እልል!» የሚል ጩኸት ተነሣ። ፕሮፌሰሮቹ ተሸክመው ወሰዱኝ። ዩኒቨርሲቲው የራሱ እስር ቤት አለው፤ ይህንንም ጽፌዋለሁ። ድሮ ሰክሮ ከተማ የበጠበጠ ተማሪ ይታሰርበታል፤ ሲወጣ በጥላሸት ግድግዳው ላይ ስሙን ጽፎ ይወጣል። እዚህ ግን መታሰር ሽልማት ነው፤ በሩ ላይ ሰው «እኔን! እኔን!» ይላል። የእስር ቤቱ ጠባቂ የከሰል ቁራጭ ሰጠኝና «ጻፊ፣ ቶሎ፣ ደወሉ ሳይጨርስ!» አለኝ።

ግድግዳው ከወለል እስከ ጣሪያ ስም ነው። ጣት የሚያሳርፍ ቦታ የለም።

«ሞልቷል!» አለ አንድ የደበዘዘ ስም።

«ምን ሞልቷል!» ጮኸ ጠባቂው፣ እንደ ታክሲ ረዳት። «ጠጋ ጠጋ በሉላት! አንተ ባለረጅሙ፣ እግርህን ሰብስብ!»

ስሞቹ እያጉረመረሙ ተጠጋጉ። ት ጻፍኩ። ደወሉ ሰባት አለ። ር ጻፍኩ። ስምንት። ከሰሉ ከእጄ ወደቀ፤ ጎንበስ ብዬ ስፈልገው በሩ ተደበደበ።

«ትርስዬ! ኧረ ትርስዬ! ተኛሽ እንዴ?»

ጋሼ ልዑልሰገድ መስኮቱን ይደበድባሉ። ቀና አልኩ። ጉንጬ ላይ የቁልፎቹ ምልክት ታትሟል፤ ስክሪኑ ላይ ደግሞ ጉንጬ ሠላሳ ስምንት ገጽ ሙሉ «ህ» ተይቧል። ህህህህህህ፣ ከጥግ እስከ ጥግ፣ ጣት የሚያሳርፍ ቦታ የለም።

«ስንት ገጽ ደረሰ?» አሉ፣ አንገታቸውን አስግገው።

«መቶ ሠላሳ አንድ፤ ግን ጋሼ...»

«መቶ ሠላሳ አንድ! አንቺ እኮ ተአምር ነሽ! በይ አትሚና ጠርዢው፤ ማስረከቢያው ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ አሥር ጉዳይ ሆኗል።»

«አያነቡትም?»

«ማን ያነበዋል ብለሽ ነው? ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ይቀመጣል እንጂ።»

«የምስጋናው ገጽ ላይስ ስሜ?»

«አይ ትርስዬ፣ እሱ እኮ አልቋል፤ ቦታ የለም።» ሰዓታቸውን አዩ።

ወደ መቶ አሥራ ሁለተኛው ገጽ ተመለስኩ። ከህዎቹ መሃል ገባሁና «ጠጋ በሉ» አልኳቸው። ተጠጉ። ት። ር። ሲ። ት። የአባቴንም ስም ጨመርኩ።

ከዚያ አተምኩት።