በእንግሊዝኛ የዳነችው ሽታዬ

አገር የሚያድን ሐሳብ ሁልጊዜ ከላይ ነው የሚወርደው፤ ከታች የሚወጣው አቧራ ብቻ ነው። ስለዚህ ጣሊያን ከወጣ ከዐሥራ ምናምን ዓመታት በኋላ፣ የኮሌጅ ተማሪዎችን እንግሊዝኛ የሚያሻሽለው ታላቅ ፕሮግራም ከአዲስ አበባ ወደ ጎንደር በወረደ ጊዜ፣ ስሙን የማልጠራው የጤና ኮሌጅ እጅ ነሥቶ ተቀበለው። ዲሬክተሩ አቶ ዳኛው ረዥም ንግግር አደረጉ። ከእንግዲህ በግቢው ውስጥ አማርኛ ሲናገር የተገኘ ተማሪ ይባረራል አሉ። ንግግሩን ያደረጉት በአማርኛ ነው፤ ጉዳዩ ከባድ ስለሆነ ሁሉም እንዲገባው ተፈልጎ ነበር።

ዐዋጁ ውሎ ሳያድር ፍሬ አፈራ። ሲንጫጫ የኖረው ግቢ ጸጥ አለ። ተማሪው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ሲያልፍ ያዩ መምህራን «የፈረንጅ ጨዋነት ገባቸው» ብለው ተደነቁ።

አንድ ቀን አያ በላቸው የሚባሉ ገበሬ ልጃቸውን ሽታዬን በቃሬዛ አሸክመው ከትክል ድንጋይ በግቢው ውስጥ ወዳለው የኮሌጁ ሐኪም ቤት መጡ። ልጅቱ ሆዷን ይዛ ትቃትታለች። ተረኛው ሊመረቅ ጥቂት የቀረው የሻው የሚባል ተማሪ ነበር። ለሆድ ቁርጠት የሚሰጠውን የጉሎ ዘይት በኩባያ ይዟል። ከማጠጣቱ በፊት ግን ምን እንደ በላችና ምን እንደ ጠጣች ማወቅ አለበት። ጠየቀ፣ ጥርት ባለ እንግሊዝኛ።

አያ በላቸው ጋቢያቸውን አጣፍተው ዝቅ አሉ። በበሽተኛ ራስ ላይ የሚነበብ፣ ሰው የማይገባው ቋንቋ ምን እንደሆነ ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቃሉ። ጸሎት ነው።

«አሜን» አሉ።

የሻው ድምፁን ከፍ አድርጎ ደግሞ ጠየቀ።

«አሜን፣ አሜን! ይድገሙላት የኔታ፤ ሸጋ አርገው ይድገሙላት።»

የልጅቱ ዐይን መገልበጥ ጀመረ። በዚያ ኮሌጅ እስከ ዛሬ የሚወገዘው ኃጢአት የተፈጸመው ይህን ጊዜ ነው።

«አያ፣ ምን ጠጥታ ነው?» አለ የሻው።

«ኮሶ። አልሽር ቢላት ደርበን አጠጣናት።»

የሻው ኩባያውን ወረወረው። በዚያ ሁሉ ኮሶ ላይ ሌላ የሚያስቀምጥ የጉሎ ዘይት ቢጨመርበት ልጅቱ በመጣችበት ቃሬዛ ወደ መቃብር በሄደች ነበር። ወዲያው በክንዷ መድኃኒት በመርፌ ሰጣት፤ ማታ ቀና ብላ ተቀምጣ ምግብ ጠየቀች።

በማግስቱ፣ አማርኛ ሲናገር ተሰምቷልና፣ የኮሌጁ ኮሚቴ የሻውን ሊያባርር ተሰበሰበ። አያ በላቸው ባለውለታቸው በልጃቸው የተነሣ መከሰሱን ሲሰሙ አላስቻላቸውም። ዘበኛውን ገፍተው ገብተው ለምስክርነት ቆሙ።

«ልጅዎን ያዳናት ምንድን ነው?» አሉ አቶ ዳኛው።

የሻው በተስፋ ቀና አለ።

«ያ መጀመሪያ የደገሙላት ነዋ፣ ጌታዬ! እሱን እንደ ሰማች ነው የለቀቃት።»

«በኋላ የተናገረው አማርኛስ?»

«ምነው ጌታዬ! አማርኛውንማ እኔም መንገድ ለመንገድ ስነግራት አልነበር? መች ተሻላት!»

ኮሚቴው ብድግ ብሎ አጨበጨበ። ፕሮግራሙ ነፍስ እስከ ማዳን መድረሱ በዚያው ቀን ለአዲስ አበባ ተነገረ። አያ በላቸውም የሻውን ነጻ ያወጡት መስሏቸው መርቀውት ወጡ።

የሻው ተባረረ። አሁን ድብ ባሕር በሚባል ስፍራ መንገድ ዳር ተቀምጦ፣ በሽተኛውን ምን እንደሚያመው በአማርኛ እየጠየቀ ያክማል ይላሉ። ትምህርት ሳይጨርሱ መቅረት እዚህ ድረስ ያዋርዳል።