አቶ ገሪማና የኅዳር ሚካኤል ስምሪት

በየመሥሪያ ቤቱ፣ ሌላው እፎይ እንዳይል የተፈጠረ አንድ ሰው አይጠፋም። ፀሐይ ስትወጣ ዝናብ፣ ሲዘንብ ጎርፍ ይታየዋል። ዲላ ባለው የቡና ድርጅታችን ይህን ማዕረግ የያዙት ክቡር የስምሪት ሹማችን አቶ ገሪማ ነበሩ። እኔ ጸሐፊያቸው ነበርኩ፤ ስድስት ዓመት ሙሉ አብሬያቸው ስሠጋ ኖርኩ።

«ቢዘንብስ?» ይላሉ። ሻይ ስናዝዝ «ቢዘንብስ?» ልጄ ክርስትና ስትነሣ፣ ቄሱ ፊት ሳይቀር፣ «ቢዘንብስ?» አሉ። ባለቤቴ እስከ ዛሬ ይቅር አላለቻቸውም።

ፍርሃታቸው ግን ከሜዳ የመጣ አልነበረም። ጠዋት የተለቀመ እሸት ቡና በዚያው ቀን መፈልፈያ ካልገባ ይቦካል፤ የገበሬው ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው። ያለን ሦስት መኪና፣ አሥራ አንድ መረከቢያ፣ ወናጎ አጠገብ ደግሞ ቡናው የሚፈለፈልበት አንድ ማጠቢያ ብቻ። ከእሳቸው በፊት ሦስቱም መኪኖች ማጠቢያው በር ላይ ተገትረው፣ ሾፌሮቹ ካርታ ሲጫወቱ፣ ሩቁ መረከቢያችን ወርቃ ላይ ቡና ይበላሽ ነበር። አቶ ገሪማ አዲስ አበባ ኮርስ ወስደው ሲመለሱ ግድግዳውን በወረቀት ሸፈኑት። የቱ መኪና ከየት በስንት ሰዓት እንደሚነሣ፣ ጭቃው ስንት ደቂቃ እንደሚበላ፣ የትኛው መንደር በየትኛው ቀን እንደሚለቅም፣ ሁሉን በስፒልና በክር አሰሩት። ሾፌሮቹ መጀመሪያ ሳቁ፤ ሰልፉ ሲጠፋ ግን ወረቀቱን ሳያዩ አይነሡም ነበር።

አንድ ቀን አስነጥሶኝ አንዲት ስፒል ወደቀች። «ግዛቸው! ወርቃን ገደልካት!» ብለው ጮኹብኝ። የምር ደነገጥኩ፣ ምን ዋጋ አለው።

ወርቃ ልትሞት የደረሰችው ግን በእኔ ማስነጠስ አይደለም። ኅዳር አሥራ ሁለት ቀን፣ ስልሳ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ሚካኤልን አንግሠን ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ፣ የወርቃው ገበሬ አቶ ሙሉካ በሩ ላይ ቆመው አገኘናቸው። ለጉዳይ መጥተው ዲላ አድረዋል።

«አቶ ገሪማ፣ መኪናው ዛሬ በስንት ሰዓት ነው የሚመጣልን? አገሩ ሁሉ ከንጋት ጀምሮ ለቀማ ላይ ነው።»

«ዛሬ? ዛሬ እኮ ሚካኤል ነው! ማን ይለቅማል?»

«እኛ ነን የምንለቅም። እኛ የወንጌል አማኞች የምናርፈው እሑድ ብቻ ነው።»

የአቶ ገሪማ ፊት አመድ መሰለ። ዝናቡን፣ ጭቃውን፣ የጎማውን መፈንዳት ሁሉ አስበዋል። ሚካኤልን የማያከብር ሰው መኖሩን ግን አላሰቡም፤ ቀኑን በወረቀታቸው ላይ በቀይ እርሳስ ዘግተውታል። ያ ሁሉ ሰው ያመናቸው ደግሞ በዚያ ወረቀት ነው።

ሾፌሩን ወንድይፍራውን ከማኅበርተኞቹ መሐል ጎትተን አወጣነው። አቶ ገሪማ ነጠላቸውን እንኳ አላወለቁም። ወርቃ ስንደርስ ሃምሳ ጆንያ እሸት በእንሰት ቅጠል ተሸፍኖ ይጠብቀናል። ጫንን። ሰማዩ ጠቆረ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ «ቢዘንብስ?» ሳይሉ ቀሩ። ያኔ ነው እኔ የፈራሁት።

ዘነበ። እንዴት ያለ ዝናብ! በመመለሻችን የመጣንበት የግንድ ድልድይ ጋ ስንደርስ ውሃው ግንዶቹን ሊነካ ስንዝር ቀርቶታል። አቶ ገሪማ ወርደው ግንዶቹን አንድ በአንድ እየነኩ ቆጠሩ፣ በእርጥብ ወረቀት ላይ ጻፉ፣ ሰረዙ።

«ሃምሳውን አይችልም። ሠላሳው ይውረድ።»

አቶ ሙሉካና አብረውን የመጡት ገበሬዎች ሠላሳውን ጆንያ በትከሻ ወዲያ ማዶ አሻገሩ፤ እኔም ሁለት ተሸከምኩ። ከዚያ ወደ ጋቢናው ልመለስ ስል አቶ ገሪማ ክንዴን ያዙኝ።

«አንተ በእግርህ ተሻገር። ልጅ አለህ።»

«እርስዎስ?»

«ስሌቱ የእኔ ነው። ከተሳሳተ እዚያው ልገኝ።»

ነጠላቸውን ጠበቅ አድርገው አጣፉ። ወጥተው ከወንድይፍራው ጎን ተቀመጡ፤ ከማዶ ሆኜ የሚታየኝ ነጭ ነጠላቸው ብቻ ነው። መኪናው ገባ፤ ግንዶቹ ጮኹ። እኔ «ሚካኤል ሆይ» እላለሁ፣ አጠገቤ አቶ ሙሉካ ዐይናቸውን ጨፍነው በጌዴኦኛ ጌታን ይለምናሉ። የኋላው ጎማ አንድ ጊዜ ተንሸራተተ። ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች።

ተሻገረ።

አቶ ገሪማ ወርደው ጎማው ሥር አስታወኩ። አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው ወደ አቶ ሙሉካ ዞሩ።

«ይቅር ይበሉኝ፣ አቶ ሙሉካ። ነገ ቢሮ ይምጡና ያንን ወረቀት አብረን እንሥራው።»

እሸቱ ፀሐይ ሳትጠልቅ መፈልፈያ ገባ። በነጋታው ሁለቱ ግድግዳው ፊት ጎን ለጎን ቆመው ስፒል ሲነቅሉ ዋሉ፤ እኔም እንዳያስነጥሰኝ አፍንጫዬን ይዤ ዋልኩ።

ሰዉ እስከ ዛሬ አቶ ገሪማን ፈሪ ይላቸዋል። ይበል። እኔ ግን እሳቸው ቀድመው ያልፈሩልኝን መንገድ ደፍሬ አልሄድም።