ተራ የሚለቁት ጋሽ ደምሴ

በር ላይ «አንተ ቅደም»፣ «ኧረ በሞቴ፣ አንተ ቅደም» ሲባባሉ ውጭ የሚቀሩ ሰዎች አጋጥመዋችሁ አያውቁም? የነሱ አለቃ በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ጎረቤቴ የሆኑት ጋሽ ደምሴ ናቸው። የታክሲ ሰልፍ ላይ ተራቸውን ለሰው እየሰጡ ሥራ የሚያረፍዱ ሰው! ታዲያ ደግ አይደሉም ትላላችሁ?

የኮሮና ክትባት የመጣ ሰሞን ሐኪም ባለቤታቸውን እትዬ አስካለን፣ «የካንሰር መድኃኒቱ ሰውነትዎን ስላደከመው ክትባቱ በደንብ ላይሠራልዎ ይችላል፤ አጠገብዎ ያሉት ይከተቡልዎ» አላቸው። ይህን የሰማ የሕንጻው ሰው ግልብጥ ብሎ ጤና ጣቢያ ሄደ። ጋሽ ደምሴም ማልደው ከሰልፉ ፊት ቆሙ። ከዚያማ ጀመሩ! «እርስዎ ይቅደሙ፣ እናቴ»፤ «አንተ ሥራ ይረፍድብሃል፣ ግባ»። እኔንም በራሳቸው ተራ አስገቡኝ። እንዲህ ወደ ኋላ ሲያፈገፍጉ የሰልፉ ጅራት ላይ ደረሱ፤ ነርሷም ክትባቱ አልቆባት ሳጥኗን ዘጋች።

«ነገ ይመለሳሉ አይደል?» አልኳቸው።

«ምን አስቸኮለኝ? እናንተ ሁላችሁ ከተከተባችሁ በሽታው በየት በኩል ይገባል?» ብለው ሳቁ።

በእሳቸው በኩል ገባ። ታክሲ ውስጥ የያዛቸው ሳል እሳቸውን ቶሎ ለቀቃቸው፤ እትዬ አስካለን ግን አልለቀቃቸውም።

የቀብሩ ዕለት ሳጥኑ ወደ እንጦጦ ማርያም ዳገቱን ሊወጣ ሲነሳ፣ ሁላችንም ዳር ይዘን ከኋላው ያለውን ቦታ ለቀቅንላቸው።

«ጋሼ፣ እርስዎ ይቅደሙ» አልናቸው።

ዘወር ብለው አንድ በአንድ አዩን። ያን ተራ የሚለቁለት ሰው አልነበረም።