ሐሳብ በደቦ

ታላላቅ ሰዎች በየስፍራው አይበቅሉም፤ መሬት ይመርጣሉ። በዘመናችን ዕድሉ የደረሰው ለወረታ ነው። የጎንደሩና የደብረ ታቦሩ መንገድ ከሚገናኝበት ትንሽ ፈንጠር ብሎ፣ የባጃጅ ጡሩምባ ከአስተማሪው ድምፅ በላይ ጎልቶ በሚሰማበት አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ ርእሰ መምህር ትዕዛዙ የሚባሉ ሰው ተነሡ። የሰው ልጅ ከተፈጠረ ጀምሮ ብቻውን ሲቸገርበት የኖረውን፣ ማሰብ የሚባለውን ከባድ ሥራ፣ እኚህ ሰው በሦስት ሳምንት ውስጥ ወደ ደቦ ለውጠውታል። ይህ ጽሑፍ የምስጋና ጽሑፍ ነው። ሌላ ነገር አድርጎ የሚያነበው ካለ ጥፋቱ የራሱ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በጥቅምት ማለቂያ ከበላይ አካል በመጣ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው “የተማሪዎችን የመጻፍ ክሂልና ሒሳዊ አስተሳሰብ በተቀናጀና በተናበበ መልኩ ማጎልበት አስፈላጊ ሆኖ በመገኘቱ” ብሎ ይጀምርና አንድ ገጽ ሙሉ ከተንፏቀቀ በኋላ ወደ ቁም ነገሩ ይገባል። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሁሉ በአካባቢው ስላየው አንድ ችግር ራሱ አስቦ ይጻፍ። ኅዳር ሃያ ሁለት ገምጋሚ ትመጣለች። ከሁሉ የተሻለ ያሰበ አንድ ተማሪ ባሕር ዳር በሚገኝ አዳሪ ትምህርት ቤት ቦታ ያገኛል፤ ትምህርት ቤቱም ሞዴል ይባላል። የሞዴል ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ዞን ላይ ወንበር እንደሚጠብቀው ደብዳቤው አይናገርም። አቶ ትዕዛዙ ግን ያልተጻፈውን ማንበብ ይችሉበታል። የሚያስቸግራቸው የተጻፈው ነው።

በተለይ አንድ ቦታ ላይ ተሰናከሉ። የዘጠነኛ ክፍል የአማርኛ መምህርት የሆነችውን እናትነሽን አስጠሩ።

“እናትነሽ፣ ይህ ‘ራሱ አስቦ’ የሚለው ምን ለማለት ነው?”

“ልጁ አንድ ነገር ያያል፤ ለምን እንዲህ ሆነ ብሎ ይጠይቃል፤ ከዚያ የመሰለውን ይጽፋል።”

“ማን ፈቅዶለት?”

“ለማሰብም ፈቃድ አለ እንዴ?”

“እሱስ የለም። ግን ስድሳ ልጅ ስድሳ ነገር ቢያስብ ሪፖርቱ ላይ ምን ብለን ልንሞላው ነው?”

“ስድሳ ሐሳብ ብለን።”

“ቅጹ ላይ ያለው ሣጥን አንድ ነው” አሉ አቶ ትዕዛዙ፤ ክርክሩም በዚሁ ተዘጋ።

ያን ሰሞን እንቅልፍ እንዳጡ ባለቤታቸው ትመሰክራለች። መፍትሔው የመጣላቸው ግን ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከአባታቸው ማሳ ነው። ወረታ ባለችበት በፎገራ ሜዳ ኅዳር ሲገባ ሩዙ ይደርሳል። አንድ ሰው ብቻውን ላጭድ ቢል ዐሥር ቀን ያጎብጠዋል። ስለዚህ ባለ ማሳው ጠላ ጠምቆ ደቦ ይጠራል፤ ሃያ ሰው ማጭዱን ይዞ ይወርድበታል፤ ከሰዓት በኋላ ማሳው ባዶ ሆኖ ይገኛል። አቶ ትዕዛዙ ይህን እያዩ ያደጉ የገበሬ ልጅ ናቸው። ሩዝ በደቦ ከታጨደ ሐሳብ በደቦ የማይታጨድበት ምክንያት አልታያቸውም። ብዙ ነገር አይታያቸውም፤ ይህ አንዱ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማው እንደተሰቀለ ንግግር አደረጉ።

“የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ ባለድርሻ አካላት” ብለው ጀመሩ። ባለድርሻ አካላት የተባለው አጥሩ ላይ ክርኑን ደግፎ የሚያይ አንድ የባጃጅ ሹፌር ነበር። “አባቶቻችን ‘ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ’ ይላሉ። ሐሳብም ሎሚ ነው። ስለሆነም ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ግቢ ውስጥ ብቻውን የሚያስብ እንዳይኖር።”

ተጨበጨበ። እውነቱን ለመናገር ደንቡ ከመውጣቱ በፊትም ተከብሮ የኖረ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ስድሳ ናቸው። የሚጻፈው ድርሰት አንድ ነው፤ ስድሳ ዐረፍተ ነገር ይኖረዋል፤ ለእያንዳንዱ ተማሪ በስም ዝርዝሩ ቁጥር አንድ ዐረፍተ ነገር ይደርሰዋል። ስለ አካባቢ ችግር ይጻፍ የሚለው ግን ተሻሻለ። “ቤታችን ችግር አለ ብለን ለእንግዳ እንነግራለን?” አሉ አቶ ትዕዛዙ፤ ርእሱንም “የሒሳዊ አስተሳሰብ ጠቀሜታ” ብለው ሰየሙት። ተማሪዎቹ በመጀመሪያው ቀን ያመጧቸው ዐረፍተ ነገሮች እርስ በርስ አልገጥም ስላሉ ምክትል ርእሰ መምህሩ አቶ በላይነህ የደቦው አለቃ ተደርገው ሁሉንም ራሳቸው ጻፏቸው። የልጆቹ ድርሻ ማጥናት ሆነ። ቁጥር ሠላሳ አንድ የደረሰው “በሌላ በኩል ሲታይ ደግሞ” የሚለው ብቻ ነበር። ልጁ ታታሪ ስለሆነ ሦስት ሳምንት ሙሉ እሱን አጠና።

በዚህ መሐል ነው ቁጥር ዐሥራ ስምንት ያስቸገረችው። ፍሬህይወት ትባላለች፤ የቁሐር ሚካኤል ቀበሌ ገበሬ ልጅ ናት። ወረታ ቤት ተከራይታ፣ በየሳምንቱ ስንቋን ከቤት እያመላለሰች ነው የምትማረው። መስከረም ላይ ግን ሜዳው ውሃ ይዞ ስለሚቆይ መንገዱ አይሻገርም፤ በየዓመቱ ትምህርት የምትጀምረው ሦስትና አራት ሳምንት ዘግይታ ነው። ሒሳብ ያመለጣት እዚያ ላይ ነው፤ እንግሊዝኛውም እንደዚሁ። አዳሪ ትምህርት ቤት መግባት ለሌላው ክብር ሊሆን ይችላል። ለእሷ ከመስከረም አንድ ጀምሮ መማር ማለት ነው። ስለዚህ ደብዳቤው ያለውን የምር ወሰደችውና ብቻዋን ተቀምጣ አሰበች፤ አሳፋሪው ነገር ደግሞ ጻፈችው።

መምህርት እናትነሽ ወረቀቱን ይዛ ወደ ቢሮ ገባች።

“ይህ ብቻውን ለውድድሩ ይቅረብልኝ” አለች።

አቶ ትዕዛዙ መነጽራቸውን አድርገው ጮክ ብለው አነበቡ። “‘ውሃው መቼ እንደሚመጣና መቼ እንደሚሸሽ በእኛ አገር ላሟ ታውቃለች። የማያውቀው የትምህርት ካላንደር ብቻ ነው። ትምህርት የሚጀመርበት ቀን ሲወሰን ውሃ ያለበትን ሰው የጠየቀው ማን ነው?’” ወረቀቱን አስቀመጡት። “ማነው የጻፈላት?”

“ራሷ ናት።”

“ማስረጃሽ?”

“ከሌሎቹ ጋር አይመሳሰልም።”

“በቃ! ካልተመሳሰለማ ከሌላ ቦታ የገለበጠችው ነው።”

እናትነሽ ሰውየውን ስምንት ዓመት ታውቃቸዋለች፤ አሁንም ግን አንዳንዴ ያስደነግጧታል። ልጅቱ ራሷ ተጠራች።

“አንቺ ልጅ፣ ላም ከካላንደር ትበልጣለች ብለሽ ጽፈሻል?”

“ትበልጣለች አላልሁም፣ ጋሼ። ውሃው ሲመጣ እሷ ወደ ከፍታው ትወጣለች። እኛን ደግሞ ያን ቀን ትምህርት ቤት ኑ ይሉናል።”

“ካላንደሩን ያወጡት የተማሩ ሰዎች ናቸው።”

“ይሁና። ላሟ ግን እዚያው ነው የምትኖረው።”

አቶ ትዕዛዙ ወረቀቱን መሳቢያቸው ውስጥ ከተቱት። ልጅቱ ከደቦው በመውጣት የአንድነት ጉድለት እንዳሳየች፣ ሆኖም ወጣትነቷ ታይቶ በምክር እንደታለፈች በቃለ ጉባኤ ተያዘ። ከዚያ ድርሻዋን አስጠኗት፤ “መጠየቅ የዕውቀት በር ስለሆነ ሁላችንም በርትተን እንጠይቅ” የሚል ነበር። ፍሬህይወት ከቢሮው ስትወጣ አላለቀሰችም። እናትነሽ ግን መጸዳጃ ቤት ገብታ አልቅሳለች።

ኅዳር ሃያ ሁለት ደረሰ። አዳራሹ ተጠረገ፤ ወላጆች ተጠርተው ከኋላ አግዳሚ ላይ ተደረደሩ። ገምጋሚዋ ወይዘሮ አይናለም አጠር ያሉ፣ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል ያደረጉ፣ ደብተር የያዙ ሴት ነበሩ። የመክፈቻውን ንግግር ሳያዛጉ አዳምጠው ጨረሱት፤ ይህም ልምድ ያላቸው ሰው መሆናቸውን ያሳያል። ከዚያ ወደ ተማሪዎቹ ዞሩ።

“እስቲ ማንም ደስ ያለው ልጅ ተነሥቶ ምን እንዳሰበ ይንገረኝ።”

አቶ ትዕዛዙ በዓይናቸው ጠቀሱ። ቁጥር አንድ ተነሣች፤ “ሒሳዊ አስተሳሰብ ለአንድ አገር ዕድገት ያለው ሚና የላቀ ነው” አለችና ተቀመጠች። ቁጥር ሁለት ተነሣ፤ “ሚናውም ዘርፈ ብዙ ነው” ብሎ ተቀመጠ። ቁጥር ሦስት ከዘርፎቹ የመጀመሪያው የመጀመሪያ መሆኑን ገለጠ። እንዲህ እየተነሡ እየተቀመጡ እስከ ዐሥራ ስድስት ድረስ በአማረ ሁኔታ ወረደ። አቶ ትዕዛዙ ዞን ላይ ያለው ወንበር የሚሽከረከር ዐይነት ይሁን አይሁን ማሰላሰል ጀመሩ።

ዐሥራ ስድስት ተቀመጠ። የተነሣ ግን የለም።

ቁጥር ዐሥራ ሰባት ደሞዝ የሚባል ልጅ ነው። በዚያ ጠዋት አጎቱ የሩዝ ደቦ ጠርተው ስለነበር ማጭዱን ይዞ ወደዚያ ወርዷል። ከአጎት ደቦ ቀርቶ ወደ ሐሳብ ደቦ የሚመጣ ሰው በፎገራ አልተወለደም፤ ይህን ማወቅ ደግሞ ትልቅ ትምህርት የሚጠይቅ ነገር አልነበረም። የሌላውን ዐረፍተ ነገር መናገር ክልክል ስለሆነ ሃምሳ ዘጠኝ ልጅ መሬት መሬት ያያል። ቁጥር ሠላሳ አንድ የሚጠቅም መስሎት “በሌላ በኩል ሲታይ ደግሞ” ብሎ ብድግ አለና፣ በሌላው በኩል ምንም እንደሌለ ሲገባው ተቀመጠ።

“ቀጥሉ እንጂ” አሉ አቶ ትዕዛዙ በጥርሳቸው መሐል።

ቀጣይዋ ፍሬህይወት ነበረች። ተነሣች።

“መጠየቅ የዕውቀት በር ስለሆነ ሁላችንም በርትተን እንጠይቅ” አለች። አልተቀመጠችም። “እንጠይቅ ከተባለ እኔ የምጠይቀው አለኝ። በእኛ አገር ደቦ ሲጠራ ባለ ማሳው ይታወቃል። አብልቶ አጠጥቶ ያሠራል፤ ነገ እኛ ስንጠራውም ይመጣል። እኛ ስድሳችን ሦስት ሳምንት ስናጭድ የከረምነው የማንን ማሳ ነው?”

ከኋላ አግዳሚው ላይ የሆነ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነው። አቶ ትዕዛዙ አንገታቸውን ደፉ። ነገር ግን ቀና ሲሉ ወይዘሮ አይናለም አልተቆጡም፤ እንዲያውም ከመጡ ለመጀመሪያ ጊዜ ደብተራቸው ላይ እየጻፉ ነው።

“ይህን ጥያቄ ማን አሰበው?” ብለው ጠየቁ፤ ፊታቸው ላይ ደስታ ነበር።

አንድ ሰው ወንበሩን የሚያገኘው እንዲህ ባለችው ቅጽበት ነው። አቶ ትዕዛዙ ኮታቸውን ቆለፉ።

“እኔ ነኝ። ሁሉንም ዐረፍተ ነገር መርምሬ ያጸደቅሁት እኔ ነኝ፤ የእሷንም ያስጠናኋት እኔው ነኝ።”

“ግሩም ጥያቄ ነው።”

“አመሰግናለሁ።”

“እንግዲያውስ መልሱልን። ማሳው የማን ነው?”

አቶ ትዕዛዙ አፋቸውን ከፈቱ። ምክትላቸውን አዩ፤ አቶ በላይነህ ጣራ ጣራውን ያያሉ። “ማሳው… በመሠረቱ የጋራችን ነው” አሉ።

ከኋላ አንድ ገበሬ ተነሡ። የፍሬህይወት አባት አቶ ማረው ናቸው። “ይቅርታ ያርጉልኝና ጌታው፣ የጋራ ማሳማ ሲታጨድ ነዶው ለሁሉም ይደርሳል። ለነዚህ ልጆች ምን ደረሳቸው? እኛም እኮ ምን ሲሠሩ ውለው እንደሚመጡ ብናውቀው ደግ ነበር።”

“ይህን የሚያጠና ኮሚቴ እናቋቁማለን” አሉ አቶ ትዕዛዙ።

“ጥያቄው የእርስዎ ከሆነ ኮሚቴ ምን ያደርግለታል?” አሉ ወይዘሮ አይናለም በለሆሳስ። “ሲያስቡት መልሱንም አስበውት ይሆናላ። እንጠብቃለን።” ከቦርሳቸው አንድ ቅጽ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። “ምናልባት የልጅቱ ከሆነ ደግሞ ይኸው ቅጹ። ‘ተማሪዋ ይህን ያሰበችው ራሷ መሆኗን አረጋግጣለሁ’ ይላል። ከፈረሙ መልሱን አንጠይቅዎትም፤ አዳሪ ትምህርት ቤቱም ይቀበላታል።”

“የጻፈችውም አለ” አለች እናትነሽ ከዳር ሆና። “መሳቢያዎ ውስጥ ነው።”

አቶ ትዕዛዙ ማገናዘብ አይችሉም ብለው የሚያሟቸው ሰዎች ያን ጊዜ ቢያዩዋቸው ጥሩ ነበር። በአንድ ወገን ከፈረሙ አሁን በአደባባይ የተናገሩት ውሸት መሆኑን በፊርማቸው ያጸናሉ፤ ዞንም ወንበሩም ይቀራል። በሌላው ወገን ደግሞ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት፣ ያለ ደቦና ያለ ምክትል፣ ብቻቸውን አስበው መመለስ አለባቸው። ሁለቱን መዘኗቸው። ብዙም አልቆዩም፤ ውርደቱ ቀለላቸውና ብዕር ለመኑ።

ፈረሙ፤ ማኅተሙንም አስመጥተው አሳረፉበት። ከማኅተሙ በታች ግን ሦስት ባዶ መስመሮች ነበሩ፤ ከበላያቸው “የርእሰ መምህሩ አስተያየት፣ በራሳቸው ቃል” ይላል። አቶ ትዕዛዙ መስመሮቹን ደጋግመው አዩዋቸው። ከዚያ ወደ ፍሬህይወት ጎንበስ ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ በትሕትና ጠየቋት።

“እዚህ ላይስ ምን ብዬ ልጻፍ?”

“የመሰለዎትን፣ ጋሼ” አለቻቸው።

ቅጹ ባሕር ዳር ደርሷል፤ ልጅቱም ገብታለች። ሦስቱ መስመሮች ባዶ ናቸው።