ገብሳቸውን የበላሁባቸው ጋሽ ገረሱ

ጡረታ የወጣ የባዮሎጂ አስተማሪ የሌለበት ከተማ ከተማ አይባልም። ያለ መብራት መኖር ይቻላል፤ ስንት ጊዜ ኖረነዋል። ዝናብ እየወረደ መንገድ ላይ አስቁሞ የአተርን አበባ የሚያስረዳ ሰው ግን የግድ ያስፈልጋል። ለእኛ ለአሰላዎች ይህ ጸጋ በጋሽ ገረሱ በኩል ተሰጥቶናል።

ሊቀ ሊቃውንት ጋሽ ገረሱ ሠላሳ አራት ዓመት አስተምረው ጡረታ ወጥተዋል ይባላል። የወጡት ከደመወዙ እንጂ ከማስተማሩ አይደለም። የዓለምን ሊቃውንት የሚጠሩት እንደ ጎረቤት ነው። ሜንዴል መነኩሴ ስለነበረ «አባ ሜንዴል» ነው። የበቆሎዋ ሊቅ ማክሊንቶክ ባል ስላላገባች «ወይዘሪት ባርባራ» ናት። ልጁ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና የወደቀበት ቤት ካለ፣ ከዘመድ ቀድመው ይደርሱና «አባ ሜንዴልም የመምህርነት ፈተና ሁለቴ ወድቀዋል!» ብለው ያጽናናሉ። ከዚያ ጣታቸውን ቀስረው «ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል» ይላሉ፤ ያውም ፈተና ለወደቀ ልጅ።

ልብስ ሲታጠብ ካዩ ዶክተር አክሊሉ ለማን ያነሣሉ። በእንዶድ ልብስ የሚታጠብበት ወንዝ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው፣ ከዚያ ተነሥተው የቢልሃርዝያ መከላከያ እንዳገኙ ሲተርኩ፣ ሳሙናው ይደርቃል። ጨርቅ ነጋዴው ጀዋር ሱቅ ሲገቡ ደግሞ ተራው የሌቨንሁክ ነው።

«ጀዋር፣ በዓይን የማይታዩትን ጥቃቅን ነፍሳት መጀመሪያ ያየ ማን ይመስልሃል? እንዳንተው ጨርቅ ነጋዴ ነው! ክር በሚያይበት መስታወት ጀምሮ፣ ቀን ከሌት የኩሬ ውኃ ሲመረምር ኖረ!»

«እና ሱቁን ማን ጠበቀለት?» አለ ጀዋር።

ጋሽ ገረሱ ወደሚቀጥለው ሱቅ ተሻገሩ።

ከሁሉም አብልጠው የሚወዱት ግን ቫቪሎቭን ነው። ይህ ሩሲያዊ ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት አገራችን መጥቶ የስንዴና የገብስ ዘር ለቅሞ ሄደ። በኋላ የገዛ መንግሥቱ አሰረው፤ እስር ቤት ውስጥ በረሃብ ሞተ። ሌኒንግራድ በጠላት ስትከበብም፣ ዘሩን ይጠብቁ ከነበሩት ባልደረቦቹ አንዳንዶቹ ሩዝና አጃ ታቅፈው፣ ሳይበሉት ሞቱ። እዚህ ላይ ሲደርሱ የጋሽ ገረሱ ድምፅ ይቀጥናል።

ከዚህ ታሪክ የወሰዱት ትምህርት «ዘር አንድ ቤት አይቀመጥም» የሚል ነው። ጓሯቸው ውስጥ፣ በትውልድ መንደራቸው በጢቾ እናታቸው ይዘሩት የነበረውን ገብስ ያበቅላሉ፤ ሰነፍ ቆሎ የሚሉት፣ ገለባው በቀላሉ የሚለቅ፣ ጠቆር ያለ ነው። ገበሬው ሁሉ ወደ ቢራ ገብስ ስለዞረ እሳቸው ዘንድ ብቻ የቀረ ይመስላቸዋል። በየዓመቱ በወተት ጣሳ እየሞሉ ለጎረቤት ያድላሉ። ማንም አልጠየቃቸውም። የእኛ ጣሳ «አይበላም» የሚል ተለጥፎበት ቡፌው ላይ ተቀምጧል።

ዘንድሮ መስከረም ላይ በረዶ ጓሯቸውን ደበደበው። ጀዋር ጋ የነበረውን ነቀዝ ጨረሰው። የሌሎቹም እንዲሁ የሆነ ነገር ሆነ። አንድ እሁድ መጥተው «የቀረው አንተ ጋ ያለው ብቻ ነው፤ አደራ» አሉኝ። አርሰናል እየተጫወተ ነበር። «እሺ ጋሼ» አልኩ፤ ዓይኔን ከቴሌቪዥኑ ሳላነሣ።

በሳምንቱ አማቴ እትዬ አልጣሽ ከዴራ መጡ። ለቆላ ሰው እንዲህ ያለ ገብስ ብርቅ ነው። መነፅራቸውን ስላልያዙ ጽሑፉን አላዩትም፤ ቆሉት። እውነት ለመናገር ይጣፍጥ ነበር። እኔ ራሴ ከየት መጣ ሳልል ሁለት እፍኝ ቆረጠምኩ። ጋሽ ገረሱ ሲገቡ ሳህኑ ቀረበላቸው። ቆረጠሙና ቆም አሉ። አንዲት ፍሬ መዳፋቸው ላይ አድርገው አዩ፤ ቀና ብለውም ቡፌውን አዩ። እኔም አየሁት። ጣሳው ባዶውን ነበር።

«ምነው፣ አልበሰለም እንዴ?» አሉ አማቴ።

«ኧረ በደንብ በስሏል። እናቴም እንዲህ ነበር የምትቆላው» አሉ፤ ያቺን ፍሬ በልተው ተነሥተው ሄዱ።

አንድም ሊቅ አልጠቀሱም። ስንት ዓመት ሙሉ ምነው ዝም ባሉ ስል የኖርኩ ሰው፣ ዝም ሲሉ አልቻልኩትም። በሦስተኛው ቀን ጀዋር እንኳ «መምህር አመማቸው እንዴ? ጤና ይስጥልኝ ብቻ ብለውኝ አለፉ» አለኝ።

ሐሙስ በሚኒባስ ጢቾ ሄድኩ። ስለ ጠቆር ያለው ሰነፍ ቆሎ የጠየቅኩት ገበሬ ሁሉ ሳቀብኝ፤ በመጨረሻ አንዱ አዴ ተስፋነሽ ወደሚባሉ አሮጊት መራኝ።

«ለልጅ ልጆቼ ቆሎ ብዬ ከማሳው ጫፍ ላይ እዘራለሁ። አንተ ለምንህ ነው?» አሉኝ።

አፌን ስከፍት ቫቪሎቭ ወጣ። እስር ቤቱንም፣ ሌኒንግራድንም፣ ዘር ታቅፈው የሞቱትንም አንድ ሳላስቀር ተናገርኩ። ጣቴን ሳልቀስር አልቀረሁም።

«ዱጋዳ? እውነት ነው? ዘሩን ሳይበሉ ሞቱ?»

«አዎ፣ እናቴ።»

«ገበሬዎች ነበሩ?»

«አይ፣ ሳይንቲስቶች ናቸው።»

«ተው ልጄ፣ ገበሬ ናቸው። በክፉው ዘመን እኛ ርቦን ስናለቅስ፣ እናቴ ጀርባዋን ለዘሩ ጎታ ሰጥታ ትቀመጥ ነበር። ያንን ያየ ያውቀዋል።»

በከረጢት ሰፍረው ሰጡኝ። ለጋሽ ገረሱ ሳስረክብ ይቅርታዬን እንኳ አላስጨረሱኝም፤ ገብሱን አሸተቱት፣ አንዷን ነከሷት፣ «ማን ነው የሰጠህ?» አሉ። የሆነውን ነገርኳቸው። «ገበሬ ናቸው» የሚለው ላይ ስደርስ መሐረባቸውን አወጡ። ቆይተው የሴትዮዋን ሙሉ ስም ጠየቁኝ። የአባታቸውን ስም አላወቅኩም።

«ተማሪ ሳለህም ግማሹን መልስ ይዘህ ነበር የምትመጣው!» ብለው ጮኹብኝ። እፎይ አልኩ። ለካ እወዳቸው ኖሯል።

በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ ላይ፣ ስለ ድንኳኑ እየተነጋገርን ሳለ፣ ጋሽ ገረሱ እጃቸውን አወጡና ሊቃውንቱን ይጠሩ ጀመር፤ «አባ ሜንዴል፣ ቫቪሎቭ፣ ወይዘሮ ተስፋነሽ ዘጢቾ…» ከኋላዬ አንዱ ሳቀ።

ዞር ብዬ «ምን ያስቅሃል?» አልኩት። «ወንበርህን ጠጋ አድርግ፤ ልንገርህ።»