የጋሽ ጥናት ጂንሰንግ

እውነቱን ለመናገር ሰውየውን በቅጡ አላውቃቸውም። ከሕንፃችን ደረጃ ሥር ባለችው ጠባብ ሱቅ ቁልፍ ይቀርጻሉ፤ እኔ ደግሞ ቁልፍ መጣል ልማዴ ነው። ትውውቃችን ይኸው ነው። ግን እንዲህ ያለ ሰው ያላጋጠመው ያለ አይመስለኝም። ጥናት ያላረጋገጠውን የማይጎርሱ፣ ጥናት ያላረጋገጠውን የማያወሩ፣ ለየሰፈሩ አንድ አንድ ተመድበውልናል። ለእኛው የሰጠናቸው ማዕረግ "ጋሽ ጥናት" ነው።

ክቡርነታቸው አድማጭ የሚይዙበት ዘዴ አላቸው። ቁልፉን እስከ ግማሽ ይቀርጹና ማሽኑን ያጠፋሉ። ግማሽ ቁልፍ ይዞ የትም አይኬድም።

"ጂንሰንግ ታውቃለህ?" አሉኝ አንድ ቀን፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው።

"የሆነ ሥር ነው መሰለኝ።"

"መሰለኝ ብሎ ነገር የለም። ጥናት አለ።"

ስለ ድካም ጥናት አለ፣ ስለ መርሳት አለ፣ ስለ ስኳር አለ። አጠገቤ ተራ ይጠብቅ የነበረው ታክሲ ነጂ ራሱን ዳበሰና "ለመላጣስ?" አላቸው።

"እሱ ገና ይጣራል" አሉ፣ ፊታቸው ሳይፈታ።

"ጋሼ፣ በሬን ሰብሬ ብገባ ሳይሻለኝ አይቀርም" አልኳቸው፣ ግማሽ ቁልፌን እያየሁ።

ግን አይዋሹም፤ ይህን መመስከር አለብኝ። "ጥናቶቹ ትንንሽ ናቸው። አንዱ ረድቷል ሲል ሌላው ለውጥ አላየሁም ይላል" ይሉና፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር እንዳይነካው አጥብቀው ያስጠነቅቃሉ።

ይህ ሁሉ ትጋት ለምን እንደሆነ ዘግይቶ ነው የገባኝ። ባለቤታቸውን ክፉ በሽታ ይዟቸው ነበር። በሽታው ሲሄድ ጉልበታቸውን ይዞባቸው ሄደ። ሦስተኛ ፎቅ መስኮት ሥር ተቀምጠው ይውላሉ፤ ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ። የታከሙበት ሆስፒታል ከሕመም በኋላ ድካም ባልለቀቃቸው ሰዎች ላይ ጂንሰንግን ሲያጠና እሳቸውም ገቡበት።

"ግማሹ ሰው ጂንሰንጉን ይወስዳል፤ ግማሹ መልኩ አንድ የሆነ ባዶ እንክብል" ብለው አስረዱን ጋሽ ጥናት። "ማን የቱን እንደወሰደ በሽተኛውም አያውቅ፣ ሐኪሙም አያውቅ። ጥናት ማለት ይህ ነው።"

ሴትዮዋ መጀመሪያ መስኮቱ ላይ ቆመው ታዩ። ቀጥሎ ደረጃው መታጠፊያ ላይ። በመጨረሻ የደረጃውን ብረት ይዘው ሱቋ ድረስ ወረዱና በርጩማዋን ያዙ። "ሥሩ ነው ያነሳኝ" ይላሉ ለአላፊ አግዳሚው፤ ወደ ባላቸው ዞረው ደግሞ፣ "አንተ ሰውዬ፣ የሰው ቁልፍ ጨርስ እንጂ።"

ጥናቱ ያለቀ ጊዜ እዚያው ነበርኩ። ቁልፍ ጠፍቶብኝ አልነበረም፤ ትርፍ ላስቀርጽ ነው የወረድኩት። ስንተኛ ትርፍ እንደሆነ አትጠይቁኝ። ቁልፌ ግማሽ ላይ ደርሶ ማሽኑ እንደጠፋ፣ በርጩማዋ ላይ ለተቀመጡት ባለቤታቸው ስልክ ተደወለ። የደረሳቸው የትኛው እንክብል እንደነበር ልትነግራቸው የደወለችው የጥናቱ ነርስ ናት።

"አንተ ስማልኝ" አሉ ባለቤታቸው ስልኩን እየሰጧቸው። "የጥናት ነገር ያንተ ነው።"

ጋሽ ጥናት ጆሯቸው ላይ አድርገው ብዙ አዳመጡ። "እሺ። እግዜር ይስጥልኝ" ብለው ዘጉት።

"ምን አለች?"

"በርቺ ነው የምትልሽ። መውጣት መውረዱን እንዳትተዪ።"

"እንክብሉ አለቀ እኮ። ብወድቅስ?"

"ደረጃው አላለቀም።"

ሴትዮዋ ሳቁና ብረቱን ይዘው ወጡ። ኮቴያቸው ሦስተኛ ፎቅ ደርሶ በሩ እስኪከፈት ሁለታችንም አንገታችንን ደፍተን አዳመጥን። እኔ ሰው መጠየቅ የምፈራ ሰው ነኝ፤ እንደምንም ብዬ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ጠየቅሁ።

"ጋሼ፣ የደረሳቸው ጂንሰንጉ ነበር ወይስ ባዶው?"

ጋሽ ጥናት መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። ማሽኑን አስነሡና ቁልፌን አንዴም ሳያቆሙ ጨረሱት።