ተመራማሪው ዋስ ሲጠራ

ተመራማሪ የሚባል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ወስዶ መሄድ እንጂ ተመልሶ መንገር አልፈጠረበትም። ኮምቦልቻ ፋብሪካ የምትሠራው የልጅ ልጄ ዘይነባ በማጅራት ገትር ደሴ ሆስፒታል ተኝታ፣ መድኃኒቱ አልይዛት ሲል፣ አንዱ መጣ።

«እማማ፣ ከጀርባዋ የተቀዳውን ፈሳሽ ለጥናት ልውሰድ፤ ይፈርሙልኝ።»

«ውጤቱን ማን ይነግረኛል?»

«እኔው ነኛ።»

«ወላሂ፣ ያለ ዋስ አልፈርምም!»

ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። የሆስፒታሉን ዘበኛ ዋስ ጠራ፤ ፈረምሁ።

በሦስተኛው ቀን እያለከለከ መጣ። «ተህዋሲው ታወቀ፤ ሐኪሟ መድኃኒቱን ይቀይርላታል። አሁን ዋሴን ይልቀቁልኝ፤ ዘበኛው ሳትነግራቸው ከግቢ አላስወጣህም ብሎኛል።»

«አልሐምዱሊላህ!» አልሁና አጠገባችን ልጇን የምታስታምመውን ሴት አሳየሁት። «ከእሷም ልጅ ፈሳሽ ወስደሃል። ዋስ ስላላስጠራችህ ነው ዝም የምትላት?»

ከደጅ ይሰማን የነበረው ዘበኛ መዝጊያውን መልሶ ተመራማሪው ላይ ገጠመበት።